ነጥብ የሚሰስቱ ዳኛ

አቶ ኦርቪል በአሜሪካ በአንዲት የአዮዋ ከተማ ለሃያ ሁለት ዓመት የፓይ፣ ያ ፍራፍሬ ተሞልቶበት የሚጋገረው ጣፋጭ፣ ውድድር ዳኛ ሆነው ኖረዋል። ነጥብ ላይ እጃቸው አይፈታም። የገዛ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቬርና እንኳን ከአሥር ነጥብ ከስድስት ተኩል አልፈው አያውቁም።

አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ተሰልፈው ሳለ የጎረቤታቸውን ልጅ፣ የሕክምና ተማሪዋን ኮርኔሊያን አገኙ።

“ደግ ጊዜ መጣሽ! የልጅ ልጄን ጁንን ሁለት ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ሐኪም መሆን ነው ምኞቷ። ዛሬ መልስ ካልሰጠች ቦታዋ ይሄዳል። እኔ ያንን ‘ኤ’ የማይቀመስበትን ግቢ ምረጪ ብያታለሁ።”

“ትምህርቱ ይለያያል፣ አባባ?”

“ትምህርቱማ ያው ነው። ሌላኛው ግን ነጥብ እንደ ልቡ ይሰጣል፣ ቅሌታም!”

“ኮሌጁን ስትጨርስ ለሕክምና ትምህርት ቤት ታመለክታለች፤ እኔ እዚያ አመልካች ከሚያጣሩት ጋር ተቀምጫለሁ። በሺህ የሚቆጠር ማመልከቻ ይመጣል። መጀመሪያ የሚታየው የኮሌጅ ውጤቱ ቁጥር ነው፤ ላብ ወረቀት ላይ አይታይም።”

“ግቢው ከባድ መሆኑን አያውቁም?”

“የሚያውቅ አለ፤ ትንሽ ይራራላት ይሆናል። ጉድለቱን ግን አይሞላላትም።”

“ድንቄም! ጥሩ ነገር ራሱን ይናገራል።”

“እንግዲያው ልጠይቅዎ። ወደ ዋናው ከተማ ውድድር የሚያልፉት ከወረዳዎቹ ሁሉ ነጥባቸው የበለጠ ጥቂት ፓዮች ናቸው። በእርስዎ ዘመን ከእኛ ስንት አለፈ?”

አቶ ኦርቪል በጣታቸው መቁጠር ጀመሩና ተዉት። አንድም አላለፈም። ጎረቤት ወረዳ ላረረ ፓይ ዘጠኝ ሲሰጥ፣ እሳቸው ቬርናን “የዋናው ከተማ ዳኞች ጣዕም የሚለይ ምላስ የላቸውም” እያሉ ሲያጽናኑ ነው የኖሩት።

“ወይ ጉዴ!” አሉ፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

“አዩት አባባ? ትምህርቱ እኩል ከሆነ ልፋቷን የሚያሳይላት ቤት ትግባ። የሚተርፋትን ጊዜ ለሕክምና መግቢያ ፈተናው ትዘጋጅበት፣ በሽተኛ ታስታምምበት። ልፋቱ አይቅር፤ ነጥቡም አይነፈጋት።”

እዚያው ቆመው ለጁን ደወሉ። “ሌላኛውን ምረጪ፤ እኔ ተሳስቻለሁ” አሏት። ልጅቷ በደስታ ስትጮህ መድኃኒት ሻጩ ጭምር ሰማ።

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ቬርና የፖም ፓይ አቀረቡ። አቶ ኦርቪል ቀመሱና፣ “ዘጠኝ ተኩል! ቬርና፣ የዋናው ከተማ ዳኞች ፓይሽን ቀምሰውትም አያውቁም። ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ” አሉ።

ወይዘሮ ቬርና ባላቸውን ትክ ብለው አዩና ሳህኑን ከፊታቸው አነሱ።

“ባልነትህ ስድስት ተኩል” አሉ። “ሰባት እንዳልልህ እጄ አልፈታ አለኝ።”