ከመቶ ዘጠና ሦስቱ እና ያልተንኳኳው በር

በረዶው ሳይቀድመኝ የመኪናዬን ጎማ ላስቀይር ወደ ከተማችን ጎሚስታ ብሄድ፣ ዴልመር ራስሙሰንን ከልጅ ልጃቸው ከብሪታ ጋር ወረፋ ይዘው አገኘኋቸው። በእኛ በሬንደር ክሪክ፣ ሞንታና፣ ጎማ እስኪቀየር አፉን ዘግቶ የሚጠብቅ ሰው የለም። ወይ ስለ አጋዘን ያወራል፣ ወይ ምክር ቤቱን ያማል። እነዚህ ሁለቱ የያዙት ክርክር ግን ከዚያ ከበድ ያለ ነበር።

ዴልመር የአደን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ናቸው። ከከተማው ጫፍ ያለውን የተኩስ ሜዳ የደለደሉት አባታቸው ናቸው። ጠመንጃ በጥንቃቄ መያዝንም የከተማው ልጅ ሁሉ የሚማረው ከራሳቸው ከዴልመር ነው። በዚያ ዓመት የሜዳው ጎረቤቶች "ተኩሱ ረበሸን" ብለው አቤት ስላሉ፣ ምክር ቤቱ ነገሩን በጸደይ ለሕዝብ ድምፅ ሊያቀርበው ወሰነ። ማኅበሩም ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ተጠየቀ። ወይ "ሜዳው እንዳለ ይቀጥል" ተብሎ ይቅረብ፣ ወይ "የእሑድ ጧት ተኩስ ቀርቶና ድምፁን የሚከልል የአፈር ግንብ ተጨምሮ ይቀጥል" ተብሎ። የቀረበው ሐሳብ በድምፅ ከተሸነፈ ሜዳው ይዘጋል። ሁለተኛ ዕድል የለም።

"መምህር፣ እንኳን መጣህ! እስቲ አንተ ፍረደን" አሉኝ ዴልመር፣ ስልካቸውን ዓይኔ ሥር ደቅነው። "ጋዜጣው በኢንተርኔት ሕዝቡን ጠይቆ ከመቶ ዘጠና ሦስቱ ከእኛ ጋር ሆኗል። ዘጠና ሦስት! 'እንዳለ ይቀጥል' ብዬ ላቀርብ ነው። ይህቺ ልጅ ግን ቦዝማን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ የቁጥር ትምህርት ተምራ ስትመጣ፣ አይታመንም ትለኛለች።"

"ጋዜጣው ዋሸ አላልኩም አባባ" አለች ብሪታ ረጋ ብላ። "ቁጥሩ የእኛን ሰው አያሳይም ነው ያልኩት።"

"አሥራ አንድ ሺህ ሰው ነው እኮ ድምፅ የሰጠው!"

"የከተማችን ሰው ስንት ነው?"

ዴልመር ጺማቸውን አሻሹ። "ከነሕፃናቱ ሁለት ሺህ ብንሆን ነው።"

"ታዲያ ዘጠኙ ሺህ ከየት መጣ? ከብቶቹም መረጡ?"

ጎማ የሚፈታው ሰውዬ ከመኪናው ሥር ሆኖ ሳቀ። እኔ ግን የዴልመርን ፊት አይቼ ሳቄን ዋጥሁ።

"ሊንኩን ቴክሳስ ላለው ለወንድሜ ልጅ ላክሁለት" አሉ። "ማኅበርተኛውም ሁሉ ለአደን ጓደኞቹ ላከ። ምን ነውር አለው? መብቱ የሁሉም ነው።"

"መብቱማ የሁሉም ነው። በጸደይ ድምፅ የሚሰጠው ግን የዚህ ከተማ መራጭ ብቻ ነው። ደግሞስ እርስዎ ራስዎ ስንቴ መረጡ?"

"አንዴ በስልኬ፣ አንዴ በኮምፒውተሩ..." አሉና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "ነፍሷን ይማረውና ለአያትሽም አንድ ሰጥቻለሁ። ብትኖር ከእኛ ጋር ነበረች!"

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይህ ነው። በኢንተርኔት ድምፅ የሚሰጠው ሰው ማንም መርጦ የጠራው አይደለም፤ ነገሩ ያንገበገበው ሁሉ ራሱን ጠርቶ ይመጣል፣ ጓደኛውንም አስከትሎ። ዝም ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ ግን አይታወቅም።

ብሪታ ቀጠለች። "የሜዳው ተቃዋሚዎችም በገጻቸው ጠይቀው ነበር። ከመቶ ሰማንያ ስምንቱ 'ይዘጋ' አለ። ያንን ያምኑታል?"

"ወግጂ! እሱን የመለሰው የእነሱው ሰው ብቻ ነው!" ብለው ጮኹ ዴልመር። ከዚያ ስልካቸውን ቁልቁል አዩ። የተናገሩት ነገር ዞሮ ወደ ራሳቸው ቤት እንደገባ ገባቸው መሰለኝ።

"የጥያቄው አጻጻፍስ?" አልኩ እኔ። ስልኩን ተቀብዬ አነበብኩላቸው፤ "'አባቶቻችን ያቆዩልን መሣሪያ የመያዝ መብት ሲነጠቅ ዝም ይላሉ?' ይላል። ይህን የተጠየቀ ማን እሺ ይላል? ስለ እሑድ ጧት አንድም ቃል የለበትም።"

"አንተም ከእሷ ወገን ነህ ለካ!"

"የማንም ወገን አይደለሁም። ሜዳው እንዲዘጋ ግን አልፈልግም።"

ብሪታ ወደ አያቷ ጠጋ አለች። "አባባ፣ ልጅ ሆኜ ጥይቴ ሁሉ ወደ ግራ እየሳተ ደጋግሜ ልተኩስ ስል ምን ነበር የሚሉኝ?"

"ማነጣጠሪያው ከተዛባ ሺህ ብትተኩሺ ሺህ ጊዜ ትስቻለሽ።"

"ይሄም ያው ነው። የድምፁ ብዛት ማነጣጠሪያውን አያቃናም።"

አዛውንቱ ስልካቸውን ከእኔ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ኩራታቸው ግን እውነት ሲነገራቸው ጆሮ ከሚደፍን ዓይነት አልነበረም። "እንግዲያስ ከተማውን በሙሉ በር ለበር ልዙር?" አሉ በመጨረሻ።

"ድርቆሽ ሲገዙ ክምሩን በሙሉ ይፈታሉ?"

"ሞኝ ነኝ? ከላይም ከታችም ከመሀልም ጥቂት እስር እመዝና እጄን እከትበታለሁ። ሻጩ ከፊት የደረደረልኝን ብቻ አይቼ ግን ገንዘቤን አልሰጥም።"

"ኢንተርኔቱ የሰጠዎት ከፊት የተደረደረውን ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጠመንጃ በዕጣ የሚያወጣበት በርሜል አለ አይደል? የመራጩን ሁሉ ስም እንክተትበት። እርስዎ እንደ ልማድዎ ዓይንዎን ታስረው ያውጡ። የወጣው ሰው ወዳጅም ሆነ ባላንጣ አይለወጥም።"

ዕጣው ላይ ዴልመርን የሚጠራጠር ሰው በከተማችን የለም። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ። "በርሜሉን እኔ ነኝ የማዞረው" አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

በማግሥቱ ከበርሜሉ የሁለት መቶ ሰው ስም ወጣ፤ ሦስታችንም በር ማንኳኳት ጀመርን። ሰው ዴልመርን አፍሮ እንዳይዋሽ፣ መልሱን ለብቻው ምልክት አድርጎ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ እንዲከት ብሪታ አዘዘች። ያልተገኘ ሰው ሲኖርም ተመልሰን ሄድን እንጂ ጎረቤቱን አልተካንም።

ሎረታ ፔንሄል የሚል ስም የደረሰን ጊዜ ግን ዴልመር እግራቸው ከበደ። ቤቷ ከሜዳው አጥር አጠገብ ነው። "እሷን እንለፋት" አሉ። "ባሏ ዋልተር ማኅበሩን ትቶ ከሄደ ወዲህ ሰላምታም የለንም።"

"አባባ፣ የወጣ ስም አይለወጥም" አለች ብሪታ።

ሎረታ በሩን ከፍታ ዴልመርን ስታይ ደነገጠች። የመጣንበትን ነገርናት። "ኢንተርኔት እዚህ ሸለቆ ውስጥ አይገባም" አለች ወረቀቱን እየተቀበለች። "ጠመንጃ አትወዱም ተብለን ስንታማ መልስ መስጫ እንኳ የለንም። ዋልተር ጠመንጃ ይወዳል። ከጦርነቱ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሳያስበው የሚሰማው ተኩስ ያንቀጠቅጠዋል። በሌላው ቀን ሥራ ላይ ነው፤ እሑድ ጧት ምድር ቤት ወርዶ ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል።"

"ሎረታ! ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ ዴልመር፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

"መቼ ጠየቅኸኝ?"

ሎረታ ምልክት አድርጋ ወረቀቱን ሣጥኑ ውስጥ እስክትከት ዴልመር ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ወደ መኪናው ስንመለስ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ወረቀቱ ሁለቱን ሐሳብ ለየብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ ሣጥኑ ሲከፈት "እንዳለ ይቀጥል" ያለው ከመቶ አርባ አራቱ ሆነ። እሑድ ጧት ተኩስ ቀርቶ ግንብ ቢሠራ ግን ከመቶ ሰባ አንዱ "ይቀጥል" ብሏል። ብሪታ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል አስረዳች፤ ግን መንገዱ ግልጽ ነበር።

የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀን አዳራሹ ሞላ። ዴልመር ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው ተነሡ። "ዘጠና ሦስት ከመቶ ብዬ ልፎክር ነበር" አሉ። "ያ ቁጥር የእኔና የጓደኞቼ ጩኸት ነው። እውነተኛውን በእግራችን ሄደን አገኘነው፤ እንዳለ ብናቀርበው እንሸነፋለን። እሑድ ጧት ይቅር። ግንቡን እኛው እንሠራለን።"

"ዴልመር፣ መብታችንን ሸጥከው!" ብሎ አንድ ማኅበርተኛ ጮኸ።

"አልሸጥኩም! መብቴን የሚያስከብርልኝ ጎረቤቴ ነው። ጎረቤቴ ምን እንደሚል ሳላውቅ ምኑን አስከብራለሁ?"

ከኋላ ወንበር ሎረታ ብድግ አለች። "እኔ አጥሩ ሥር ነው የምኖረው" አለች። "መጥቶ ጠይቆኛል። ድምፄን ለሜዳው እሰጣለሁ።" 

በጸደይ ሜዳው በሰፊ ድምፅ ጸና። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ሐቀኛ ጥያቄ ለከተማችን ብዙ ነገር አተረፈላት። ማኅበሩ የአባቶቹን ሜዳ አላጣም፣ ጎረቤቶቹ እንቅልፋቸውን አገኙ፣ ተቃዋሚና ደጋፊም ቁጥር እየተወራወሩ መሰዳደብ ተዉ። አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ በስልክህ ላይ ደስ የሚያሰኝህ ቁጥር ሲመጣ፣ ማን እንደተጠየቀና እንዴት እንደተጠየቀ ሳታጣራ አትመን። እኔ በዚህች ትንሽ ከተማ የምኮራው ይህን ስለተማረች ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አይዳሆ ያለ የአደን ማኅበር ሊቀ መንበር ለዴልመር ደወለ። አጠገባቸው ነበርኩ። "በኢንተርኔት ጠይቀን ከመቶ ዘጠና አምስት አገኘን!" ሲል ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል።

"ጥሩ ነው" አሉት ዴልመር። "አሁን ስልኩን ዝጋና የማትወደውን ጎረቤትህን በር አንኳኳ።"