አምስተኛው እጅ

ክቡር ርእሰ መምህራችን አቶ ሙከሚል፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንደምን ዋላችሁ! ይህን ድግስ ለደገሳችሁልኝ፣ ወንበር ለተሸከማችሁ፣ ወጥ ለሠራችሁ ሁሉ ገላቶማ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የእጅ ሰዓት ሸልማችሁኛል። ነገር አላት አይደል? ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሜ አርፋጅ ስመልስ ስለኖርኩ ነው። ይግባኝ አልልም፤ ይገባኛል።

ከፍኖተ ሰላም ተመድቤ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ስወርድ፣ ያኔ የግቢያችን ዘበኛ የነበሩት ጋሽ አብዶ ሻንጣዬን አይተው «ስንት ጊዜ ይቆያሉ?» አሉኝ። «ሁለት ዓመት» አልኳቸው። ሳቁብኝ። ይኸው ዛሬም እዚያ ጥግ ተቀምጠው እየሳቁብኝ ነው።

እንደምታውቁት የታሪክ መምህር ነኝ። ከሁሉ አስበልጬ የማስተምረው ስለ መንግሥታት ማኅበር ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እልቂት በኋላ በ1912 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መቀመጫውም ጄኔቫ ሆነ። ሐሳቡ አንዱ ሲነካ ሁሉም እንዲነሣ ነበር። አገራችንም በ1916 አባል ሆነች። ስትወረር ጮኸች፤ የደረሰላት ግን የለም። ለምን? ምክንያቱ ብዙ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ አንዱን አጥብቄ እነግራቸው ነበር፦ ዋና ዋና ውሳኔ የሚጸናው ሁሉም ሲስማሙ ስለነበር፣ የአንዱ እምቢታ የሌሎቹን እጅ ያስር ነበር።

በ1938 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲመጣ፣ በጸጥታው ምክር ቤት እምቢ ብሎ ውሳኔ የማስቀረት መብት ለአምስት አገሮች ብቻ ተሰጠ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ደግሞ መጀመሪያ ለመስማማት ይሞክራሉ፤ ካልሆነላቸው ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ይበቃቸዋል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ አስተምሬአለሁ። እኔ ራሴ ግን አልተማርኩትም።

ዛሬ የምናዘዘው አለኝ።

ከስምንት ዓመት በፊት ሀምዲያ የምትባል የመሰላ ልጅ ነበረችን። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ተዳረች፤ ትዳሩ ሲፈርስ ልመለስ ብላ መጣች። ምዝገባው ካለቀ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር። በደንባችን ያረፈደ ተማሪ የሚገባው የመልሶ ቅበላ ኮሚቴው አምስት አባላት በሙሉ ሲስማሙ ነው። አቶ ሙከሚል፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ወ/ሮ ሹክሪያ፣ መምህር ኢዘዲንና መምህርት ሰርካ እጃቸውን አወጡ። እኔ የኔን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። «ደንብ ደንብ ነው» አልኩ።

ወጥቼ ስነግራት አላለቀሰችም።

«ቲቸር፣ አራቱ እሺ ብለዋል?»

«ብለዋል።»

«ታዲያ ያ የጄኔቫው ማኅበር እንዲህ እያለ ነው የፈረሰው ብለውን የለም እንዴ?»

ምን ብመልስላት ጥሩ ነው? «እሱ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ ይሄ ትምህርት ቤት ነው» አልኳት። ስናገረው ዛሬም አፍራለሁ።

በዓመቱ ወ/ሮ ሹክሪያ «ሦስት ድምፅ ይብቃ፣ ደንቡን እንለውጥ» አሉ። ደንቡን ለመለወጥም አምስት እጅ ያስፈልግ ነበር። አሁንም አራት ወጣ። አምስተኛው የማን እንደነበር አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሐሳቡ መጥፎ ሆኖብኝ አልነበረም። እሺ ካልኩ ሀምዲያን መበደሌን ማመን ሊሆንብኝ ነው፤ ያ ከበደኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ሀምዲያ ተመልሳ መጣች። እስካሁን በደሳ ከተማ ገበያ ላይ ጫት ስትነግድ ቆይታለች። ልጇ ታማባት ዘንድሮም ምዝገባው አልፏታል። ኮሚቴው ሰኞ ይሰበሰባል፤ የኔ ወንበር ግን ተተኪ ስላልተመደበ ያኔ ባዶ ነው። አምስት እጅ ካልወጣ ደግሞ ማመልከቻዋ እንደ በፊቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ጡረታዬ የሚጀምረው ነገ ነው። እስከ ዛሬ ማታ ድረስ አባል ነኝ። ወ/ሮ ሹክሪያ ቃለ ጉባኤውን ይዘው እንዲመጡ የለመንኳቸው ለዚህ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ያቀረቡትን ሐሳብ፣ ሦስት ድምፅ ይብቃ የሚለውን፣ ድጋሚ አቀርባለሁ። ይኸው እጄ።

አቶ ሙከሚል፣ አመሰግናለሁ። ወ/ሮ ሹክሪያ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ። ኢዘዲን። ሰርካ፣ ሁለቱንም እጅሽን አወጣሽ እኮ፤ አንዱ ይበቃል!

አምስት። ይጻፍልን።

ሰኞ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ በዚያ አልገባም። እኔ ከበሩ ላይ ዞር ማለቴ ነው።

ባልደረቦቼ፣ ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የበደሳም የመሰላም የጭሮም ልጅ እናንተ ዘንድ መጥቶ አፍሮ አይመለስ። እንጀራችሁ ይባረክ፤ አገራችን ሰላም ትሁን። እናንተም ስትሳሳቱ እንደኔ ስምንት ዓመት አትቆዩ።

ሀምዲያ፣ መጥተሽ በሩ ጋ መቆምሽን አይቻለሁ። አንቺ ያረፈድሽው ዘጠኝ ቀን ነበር፤ ይቅር በይኝ። አትቁሚ፤ ወንበሬን ለቅቄአለሁ፣ ነይ ተቀመጪ።

ነጋቲ፤ ደኅና ሁኑ።