የሽቦው ጭስና እትዬ ካሚላ

የ1996 ዓ.ም. አረፋ ካለፈ በኋላ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ በአውቶቡስ ተራ በኩል ሳልፍ፣ ጎረቤቴ ጋሼ ባህረዲን ሻንጣ ይዘው ከአውቶቡስ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ጋሼ ባህረዲን ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ ባለው ግቢያቸው የአሮጌ ኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ እያቃጠሉ መዳቡን የሚሸጡ፣ ለሰው አዛኝ ሽማግሌ ናቸው። ለበዓሉ ጉራጌ አገር ወርደው ሦስት ሳምንት ሲቆዩ ሥራቸው ተዘግቶ ነበር። ሻንጣቸውን ተቀብዬ ስንሄድ፣ ጤና ጣቢያ በነርስነት የምትሠራው የሰፈራችን ልጅ ሪሃና ደረሰችብን።

«እንኳን ደህና ገቡ ጋሼ። ፊትዎ ፈክቷል። ሳሉስ ለቀቀዎት?»

«አልሐምዱሊላህ! ያገሬ አየር መድኃኒት ነው። አንድ ቀን እንኳ አላሳለኝም።»

«አየሩ ነው ወይስ ከጭሱ መራቅዎ?»

ጋሼ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጀመርሽ ደግሞ! በዚህ ጭስ ሠላሳ ዓመት ልጆች አሳድጌበታለሁ። ሳል የብርድ ነው፤ መስኮት ዘግቶ መተኛት ነው መፍትሔው።»

«የላስቲክ ጭስ መርዝ አለው፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ግን እኔን አይመኑኝ። እርስዎን ያገር ቤት አየር አዳነዎት እንበል። ከሰፈር ያልወጡትንስ ማን አዳናቸው? እስቲ እትዬ ካሚላን ይጠይቋቸው።»

እትዬ ካሚላ ከጋሼ ግቢ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እኔም ስንት ጊዜ ስለ ጤና ተከራክሬ መርታት አቅቶኛል፤ ሰው ለመጽሐፍ ቃል ጆሮ ባይሰጥ እንኳ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ጋሼ ቤታቸው ሳይገቡ የእትዬ ካሚላን በር አንኳኩ።

«ካሚላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔ በሌለሁበት ደረትሽ እንዴት ከረመ?»

እትዬ ካሚላ ሻሻቸውን አስተካከሉና መሬት መሬት አዩ።

«ልንገርህ? ጋደም ብዬ ተኛሁ። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ሙሉ በሁለት ትራስ ተደግፌ፣ ቁጭ እንዳልኩ ነበር የማድረው። ብተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከልክልኝ አንተ ነህ። ምን ብዬ እንጀራህን ዝጋ ልበልህ?»

ጋሼ ባህረዲን የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ያሳመምኩሽ እኔ ነኝ ለካ። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አሉ። ቀጥለውም ወደ ሪሃና ዞሩ፤ «እሺ፣ ሳላቃጥል መዳቡን እንዴት ላውጣው?»

«በቢላ ይላጣል።»

«ቀጭኑስ? ቢላ የማይይዘውስ?»

«እሱን አይግዙ።»

«ነጋዴን አትግዛ ትላለች!» ብለው ሳቁ። ግን በማግስቱ ማቃጠያውን በርሜል ከግቢ አስወጡት።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ዘገየባቸው፤ መደበቅ አያስፈልግም። በኋላ ግን የተላጠ መዳብ ጥቀርሻ ስለሌለው ገዢ እየመረጠ ይወስድላቸው ጀመር። የሠራተኞቻቸው ዓይን መቅላት ተወ፤ የተሰጣ ልብስ ነጭ ሆኖ ገባ። ከዚያ ግቢ ዙሪያ የሚመጡ ተማሪዎቼም በሳል ምክንያት ከክፍል መቅረት ተዉ። እትዬ ካሚላም ትራሳቸውን ከሁለት ወደ አንድ ቀነሱ።

በሰፈሩ አሁንም የሚያቃጥሉ አሉ። ጋሼ ባህረዲን ወደ እነርሱ እየሄዱ እንዲህ ይላሉ፦ «ጎረቤትህ ዝም ያለው ተመችቶት አይምሰልህ፤ አፍሮህ ነው። ገብተህ ጠይቀው።»