«ታዲያ ያግባታ!»

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር ስንነሳ የታክሲው ሬዲዮ ስለ ጽንስ ማስወረድ ሕግ ያወራ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት ተቆጡ።

«ይኼን የፈቀደ እግዜርን አይፈራም? መከልከል ነው!»

«ተደፍራ ያረገዘችም ትውለድ ነው የሚሉ?» አለች ከጎናቸው ያለችው ሴትዮ።

«ትውለድ። ነፍስ እኮ ነው። ጽንሱ ምን በደለ?»

«የኔዋ ልጅስ ምን በደለች? ገና ልጅ ናት። ሐኪም ቤት ሆና እየጠበቀችኝ ነው።»

አዛውንቱ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ።

«ያ የደፈራት ሰው ሽማግሌ አልላከም?»

«ልኳል። ላግባት ይላል።»

«ታዲያ ያግባታ! ለሕፃኑም አባት ይሆነዋል።»

«አንቱ ሴት ልጅ አለችዎት?»

«አለችኝ፤ አንዲት።»

«ለደፈራት ይድሩለታል?»

«የኔን ልጅ? አንገቱን ነው የምቆርጠው!»

«እንግዲያ የኔዋ ከማን ታንሳለች?»

እኔ የምወርደው ገበያው ዘንድ ነበር፤ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ከሴትዮዋ ጋር ወረድሁ።