የግራው አፈሙዝ ባለቤት

በዴዴሳ ሸለቆ አፋፍ ላይ ባለች መንደር፣ ረፋድ ላይ፤ ይታክቱ ግቢዋ ውስጥ በርበሬ ታሰጣለች፤ ታናሽ ወንድሟ ጓንጉል ከአባታቸው የወረሱትን ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ አንግቶ አጥሩ በር ላይ ቆሟል።

ጓንጉል፦ እትዬ፣ ጠመንጃ ስጪኝ አላልኩሽም። ጠመንጃውማ ይኸው ትከሻዬ ላይ ነው። ቃል ነው የምለምንሽ። «ግራውን ተኩስ» በይኝና ልሂድ።

ይታክቱ፦ አልልም።

ጓንጉል፦ ሁለት ቃል እኮ ናት!

ይታክቱ፦ ሁለት ከሆነችማ እኔም ሁለት አለችኝ፦ ዞር በል። በርበሬዬ ላይ ጥላህን ጣልክበት።

ጓንጉል፦ አባባ ሲሞቱ ምን አሉ? «ቀኙ አፈሙዝ ለጓንጉል፣ ግራው ለይታክቱ» አሉ። እሺ አልን። ከዚያ አንቺ ሄደሽ በቄስ አስገዘትሽኝ፤ ያለ ፈቃድሽ የግራውን ቃታ እንዳልነካ። እሱንም እሺ አልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ሁለት አፍ ያለው ጠመንጃ ይዤ ባንድ አፉ ስተኩስ ኖርኩ። ሰው ሁሉ «አንድ ዓይናው» እያለ ነው የሚጠራኝ።

ይታክቱ፦ ከዕውር አንድ ዓይና ይሻላል።

ጓንጉል፦ ጎሹን ግን ባንድ ዓይን አልችለውም! ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንጩን ይዞ መንደሩን ውኃ አስጠማው። የቄሰ ገበዝን በቅሎ ወግቶ ጣላት። ሴቱ ሁሉ ወንዝ ድረስ እየወረደ ሲቀዳ ወገቡ ተቆረጠ። አንቺስ ብትሆኚ?

ይታክቱ፦ እኔም ወገቤ ተቆርጧል። ግን «ማክሰኞ ሳይመሽ ጭራውን ይዤ እመጣለሁ» ብዬ በማኅበር ላይ የፎከርኩት እኔ አይደለሁም።

ጓንጉል፦ ማን ነገረሽ?

ይታክቱ፦ ማን ያልነገረኝ አለ! ጠላውን ግጥም አድርገህ፣ ወይዘሮ አስካለ እያየችህ፣ «ዘራፍ! ባለ መንታው!» ብለህ ከመደቡ ላይ ስትዘል ጣራውን በራስህ መታኸው አሉ። ሚስት ከፈለግህ ሽማግሌ ላክ፤ ጎሹ ምን አደረገህ?

ጓንጉል፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እትዬ። አሁን ምን ብዬ ልመልሰው? ቀን ቆርጫለሁ።

ይታክቱ፦ ዛሬ ምን ቀን ነው?

ጓንጉል፦ ማክሰኞ።

ይታክቱ፦ እንግዲያው «የባልሽን ምንሽር አውሺኝ» በለኝና ላስብበት። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አምስት ጎራሽ ጠመንጃ ነው ትቶልኝ የሄደው። ያን ነብር ከፍየሎቹ ጋጣ ውስጥ በስንተኛው ጥይት ጣልኩት? በሦስተኛው! ያንተን ባለ ሁለት አፍ ይዤ ቢሆን ኖሮ ለሦስተኛው ምን ልወረውርበት? ማማሰያ?

ጓንጉል፦ ነብርና ጎሽ አንድ ነው? ነብር ዘሎ ቧጭሮሽ ይሄዳል። ጎሽ ግን ቂም ይይዛል። ሲመጣብሽ ቃታ ስበሽ ሌላ ጥይት እስክታጎርሺ ፋታ የሚሰጥሽ መሰለሽ? ምንሽርሽ «ቀጭ፣ ቋ» እያለ አንቺ ዛፍ ላይ ነሽ፤ ያውም በእግርሽ ወጥተሽ አይደለም። ባለ ሁለቱ ማለት ግን ሁለት ጠመንጃ ባንድ ሰደፍ ነው። አንዱ ቢከዳሽ ሌላው አለልሽ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲባል አልሰማሽም?

ይታክቱ፦ ሁለቱም ቢሰበሩስ?

ጓንጉል፦ ጎሽ ላይ ሁለት ተኩሶ ሦስተኛ ያማረው ሰው የለም። ወይ እሱ ወድቋል፣ ወይ አንቺ። ከዚያ ወዲያ ጸሎት ነው።

ይታክቱ፦ እንግዲያ በጸሎቱ ጀምርና ጥይቱን ቆጥብ። ደግሞስ ክብደቱ! ሞፈር ነው እንጂ ጠመንጃ ነው? አባባ አንድ ቀን ተኩሰው ሲመለሱ ሳምንት ሙሉ ትከሻቸውን በቅቤ የማሸው እኔ ነበርኩ። ጥይቱም እንደ ልብ አይገኝ። የምንሽር ጥይት ጨው ነጋዴው ሁሉ ጋ አለ።

ጓንጉል፦ ምንሽር የቀበሮ ጠመንጃ ነው። ጎሽ ላይ ስትተኩሺበት ዞር ብሎ «ማነው የነካኝ?» ነው የሚልሽ።

ይታክቱ፦ ያንተውስ የፈሪ ነው። የፈሪ ዱላ መንታ ነው።

ጓንጉል፦ ተረቱ «የፈሪ ዱላ ረጅም ነው» ነው።

ይታክቱ፦ አንተን አይቼ አስተካከልኩት። ለመሆኑ ጋቢህ የት አለ?

ጓንጉል፦ ምኔ?

ይታክቱ፦ ጋቢህ። በዚህ ብርድ ባዶ ትከሻህን ነው የመጣኸው።

ጓንጉል፦ ታጥቦ ተሰጥቷል።

ይታክቱ፦ ሳምንት ያልለበስከው አዲስ ጋቢ?

ጓንጉል፦ ጠላ ፈሰሰበት። ነገር አታስረሺኝ፣ እትዬ! አራት ዓመት ሙሉ ቃሌን ጠብቄ፣ ግዝትሽን አክብሬ፣ እንዲህ ያለ ወንድም የት ታገኛለሽ?

ይታክቱ፦ እሱስ ልክ ነህ። ጎሽ!

ጓንጉል፦ የት?! የት አለ?!

ይታክቱ፦ ኧረ በርበሬዬ! ኧረ አንተ ሰው! «ጎሽ» ብዬ አመሰገንኩህ እንጂ ምን አልኩህ? በል ቅርጫቱን ከራስህ ላይ አውልቅና ተነሥ!

ጓንጉል፦ በርበሬው… ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ይታክቱ፦ ይበልህ። ባለ መንታው! ትናንት ቀትር ላይ ሴቶቹ ጎሹን ካፋፉ ሆነው አይተውታል፣ ሰማህ? ነጭ ጋቢ ቀንዱ ላይ ጣል አድርጎ፣ እንደ ቄሰ ገበዝ ጎርደድ ጎርደድ ይል ነበር አሉ። ጠርዙ ላይ ቀይ ጥለት አለው አሉ። ያንተስ ጥለቱ ምን ነበር?

ጓንጉል፦ …ቀይ።

ይታክቱ፦ ተቀመጥ። እንካ ውኃ፣ ዓይንህን ታጠብ። አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ።

ጓንጉል፦ ትናንት በጠዋት ብቻዬን ወረድኩ። ማንም ሳያየኝ ጨርሼ፣ ዛሬ ጭራውን ይዤ አስካለ ደጅ ብቅ ልል ነበር። ምንጩ ጋ ስደርስ ጭቃው ውስጥ ተጋድሟል። ቋጥኝ መስሎኝ ልቀመጥበት ምንም አልቀረኝ። ቋጥኙ ጆሮውን ሲያወዛውዝ ነው የነቃሁት። ወደ ኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ሸሸሁ። አነጣጠርኩ። ቀኙን ሳብኩ።

ይታክቱ፦ መታኸው?

ጓንጉል፦ ቀንዱን።

ይታክቱ፦ ቀንዱን?!

ጓንጉል፦ ከጫፉ ይህችን ታህል ቁራጭ ብን ብላ ሄደች። ተነሣ። እትዬ፣ ሲነሣ ማለቂያ የለውም። ተነሣ፣ ደግሞ ተነሣ፣ አሁንም ገና እየተነሣ ነው። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ያልጠሩት እንግዳ ምሳ ላይ ሲገባ እንደሚታየው አድርጎ። ራሱን ደፍቶ መጣ። መሬቱ እንደ ከበሮ ይመታል።

ይታክቱ፦ የሰማዩ ጌታ! ከዚያስ?

ጓንጉል፦ ከዚያማ ጣቴ ወደ ግራው ቃታ ሄደች። አሥር እርምጃ ቀርቶታል። አምስት ቀርቶታል። ያን ጊዜ አንቺ ትዝ አልሽኝ። «ይህ የእትዬ ነው፤ አባባ ለእርሷ የሰጡት ነው። ብሞትም ልሙት እንጂ የእህቴን ድርሻ አልነካም» አልኩና ወደ ሾላው ሮጥኩ። ጋቢዬ ቀንዱ ላይ ቀረ፤ እኔ ዛፉ ላይ ቀረሁ። ከጠዋት እስከ ቀትር።

ይታክቱ፦ እስከ ቀትር ዛፍ ላይ ምን ትሠራለህ?

ጓንጉል፦ ፎከርኩበታ። ግን «ዘራፍ» ባልኩ ቁጥር ይመጣና ሾላውን በጎኑ ይገፋዋል። ዝም ስል ይተወዋል። ኋላ ተግባባንና ዝም አልኩ። እሱም ጋቢዬን ለብሶ ሄደ። …እትዬ? ታለቅሻለሽ እንዴ?

ይታክቱ፦ በርበሬው ነው።

ጓንጉል፦ በርበሬው እኮ እኔ ዓይን ውስጥ ነው የገባው።

ይታክቱ፦ ዝም በል! ጓንጉል፣ የእናቴ ልጅ፣ በጎሽ ቀንድ ፊት ቆመህ የእኔን ድርሻ አሰብክ? እኔ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀብሬ እንደ ክፉ እህት ስታይ ኖርኩ። በቃ፣ ልንገርህ። ግራው አይተኩስም።

ጓንጉል፦ ምን ማለትሽ ነው?

ይታክቱ፦ የሞተ ነው። አባባ እጅ ከገባ ጀምሮ አንድም ቀን ተኩሶ አያውቅም። ሊሞቱ ሲሉ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ «ጓንጉል ከሰማ አገር ሰማ» ብለው። አየህልኝ? ለወንዱ የሚጮኸውን፣ ለሴቷ ድዳውን! መጀመሪያ ንድድ ነው ያልኩት። ኋላ ግን ሳስበው፣ ይህ ሰው «ግራው አለኝ» ብሎ ተማምኖ ጎሽ ፊት ቢቆምስ? ነገሩን ባወጣው የአባባ ስም ይጠፋል፤ ዝም ብል አንተ ትጠፋለህ። ስለዚህ አስገዘትኩህ። ጥል ፈልጌ አልነበረም።

ጓንጉል፦ አባባ ሦስት ጎሽ ጥለው የለም እንዴ!

ይታክቱ፦ ሦስቱንም በቀኙ።

ጓንጉል፦ ልጅ ሆኜ እዚህ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ሰምቻለሁ! «ድው!» ይላል፣ ወዲያው ደግሞ «ድው!»

ይታክቱ፦ ሁለተኛው የገደል ማሚቶ ነው።

ጓንጉል፦ የገደል ማሚቶ!

ይታክቱ፦ ግራዝማች ተብለው ግራቸው ሳይጮህ ተቀበሩ። «ታዲያ ለምን ተሸክመውት ኖሩ?» ብላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ቀኙ ለጎሹ ነው፤ ግራው ለእኔ ነው። እንደማይጮህ እያወቅሁም እንኳ፣ ሁለት አፍ ሳይ ጉልበቴ አይብረከረክም።»

ጓንጉል፦ አንዱ ለጎሹ፣ አንዱ ለልብ… ይኸውልሽ! ባለ ሁለቱ ይረባል ማለት ነው!

ይታክቱ፦ ከዚህም ወዲያ ትከራከራለህ? ተመስገን በል እንጂ! ትናንት ግዝቴን ባታከብር፣ ግራውን ስበኸው ቢሆን ኖሮ፣ «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲልህ…

ጓንጉል፦ «ጠቅ» ነው።

ይታክቱ፦ ምን?

ጓንጉል፦ «ቀጭ» አይልም። «ጠቅ» ነው የሚለው።

ይታክቱ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ጓንጉል፦ እንዲያው… በግምት።

ይታክቱ፦ ጓንጉል!

ጓንጉል፦ ሁለት ጊዜ ሳብኩት። በሁለተኛው እንዲያውም «ጠቅ» ለማለትም ሰንፎ ነበር።

ይታክቱ፦ «የእህቴን ድርሻ አልነካም» ያልከውስ?

ጓንጉል፦ እሱን ያልኩት ዛፉ ላይ ነው። አልጮህ ሲል ነው ያንቺ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ይታክቱ፦ እንባዬን መልስ! አንተ ግዝት አፍራሽ!

ጓንጉል፦ ካልጮኸ አልፈረሰም። ቄሰ ገበዝን ጠይቂያቸው።

ይታክቱ፦ እሳቸው በቅሎአቸውን ያልቅሱ። ቆይ፣ ቆይ። ግራው እንደማይተኩስ ከትናንት ጀምሮ ካወቅህ፣ ዛሬ ደጄ ላይ ተገትረህ «ግራውን ፍቀጂልኝ» ያልከኝ ምን ልትሠራበት ነው?

ጓንጉል፦ እንቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ።

ይታክቱ፦ እንቢ አልኩህ። ከዚያስ?

ጓንጉል፦ ከዚያ እልህ ይይዝሽና «ይልቅ እንካ፣ ምንሽሩን ውሰድ» ትይኛለሽ ብዬ። አራት ዓመት ሙሉ «የቀበሮ ጠመንጃ» ስለው ኖሬ አሁን በየትኛው አፌ «አውሺኝ» ልበል? ሞክሬው ነበር፤ ቀኝ አፌም ግራ አፌም እንቢ አለኝ።

ይታክቱ፦ እና ምንሽሩ ይሻላል አልክ?

ጓንጉል፦ አላልኩም።

ይታክቱ፦ በል።

ጓንጉል፦ ሁለቱም አፉ የሚተኩስ ባለ ሁለት ከምንሽር ይሻላል።

ይታክቱ፦ ያንተውስ?

ጓንጉል፦ የእኔውማ… ምንሽሩ ይሻለዋል። ይኸው አልኩልሽ! ደስ አለሽ? በይ አውሺኝ።

ይታክቱ፦ አላውስህም።

ጓንጉል፦ እትዬ! ማክሰኞ እኮ ነው! አስካለ አፋፉ ላይ ወጥታ ቁልቁል እያየች ነው!

ይታክቱ፦ ሃያ እርምጃ ላይ የተኛ ጎሽ ስቶ ቀንድ ለሚመታ ሰው አምስት ጥይት ብሰጠው አምስት ጊዜ ነው የሚያስቆጣው። ይልቅ የበተንከውን በርበሬ ልቀምልኝ፤ እኔ ዝናሬን ልታጠቅ።

ጓንጉል፦ አንቺ ልትወርጂ?!

ይታክቱ፦ ማን ይውረድልኝ? ውኃውን ከወንዝ የምሸከመው እኔ ነኝ።

ጓንጉል፦ እኔስ ምን ልያዝ?

ይታክቱ፦ ያችን የአባባን ያዛት፤ ለጉልበትህ ትሆንሃለች። ከፊት ሆነህ የተኛበትን አሳየኝ። ታዲያ አደራ፣ መሮጥህ እንደሁ አይቀርም፤ ስትሮጥ ወደ ጎን ሩጥ፤ ወደ እኔ ከሮጥክ ዒላማዬን ትጋርድብኛለህ።