ፊታቸውን ያዞሩት ዳኛ

«ታየችዬ፣ ምን ዓይነት ብርድ ነው ይሄ! ከቁስቋም በኩል የሚወርደው ነፋስ አጥንት ይሰብራል እኮ። ወይስ ጥር ሲመጣ እኔ ብቻ ነኝ የምንቀጠቀጠው?»

ሰርኬ ይህን ያለችው የቴአትር ልብሷን እያጣጠፈች ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ከቀበሌው አዳራሽ በስተጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል። ጎረቤቷ ታየች ሳጥኑን ይዛላታለች። ከእነሱ ሦስት እርምጃ ርቀው ደግሞ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ መስታወት ፊት ቆመው የዳኛ ካባቸውን ያወልቃሉ። ስማቸውን አልነግራችሁም። ሰርኬ ካልጠራችው እኔ ምን ቤት ነኝ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰርኬ ባል ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ልጃቸው አዲሳለምና የሊቀመንበሯ ልጅ ዓምሃ ከተዋደዱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ሽማግሌ ይላክ ሲባል እናቱ «ከቡዳ ቤት ምራት አላስገባም» ብለው ድርቅ አሉ። እኚህኑ ሴትዮ የቀበሌው ኪነት ቡድን ዳኛ አድርጎ መድረክ ላይ አወጣቸው! ድራማው በድሮ ዘመን የአገሩ ሰው ጥፋተኛውን እስኪያወጣ አውጫጭኝ ተቀምጦ ስለተፈረደባት አንዲት የሸማኔ ሚስት ነው። በዓይኗ ሕፃን በላች ተብላ ከአገር የተባረረች ናት። ደራሲው ቦጋለ ግን ጊዜው የአብዮት ነውና መጨረሻውን ለወጠው፤ ዳኛዋ «ቡዳ የሚባል የለም!» ብላ ተከሳሿን ነጻ ታወጣና በሕዝብ ፊት ከእጇ ትጎርሳለች። ተከሳሿን ሆና የተጫወተችው ማን መሰላችሁ? ሰርኬ! አንዴ ከእጄ ከጎረሱ ለልጄም ልባቸው ይራራል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፣ ምስኪን።

ታዲያ ጉርሻው ሲቀርብ ዳኛዋ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ተቀበሉና፣ ቡዳ ፊት ሲበላ እንደሚደረገው፣ ሳያስቡት ነጠላቸውን ስበው አፋቸውን ጋረዱ። ጀርባቸውን ለሰርኬ ሰጥተው አላመጡ! አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሰርኬም ሳቀች፤ አንጀቷ ግን አረረ።

«እና ታየችዬ፣ ዳኛችንን እንዴት አየሻቸው? ያ ድምፃቸው! "ቡዳ የሚባል የለም" ሲሉ እኮ እኔ ራሴ አመንኳቸው። ዕንባቸውስ? ዕንባ እንዲህ ሲታዘዝ አይቼ አላውቅም። ሌላው ሰው አንዲት ገጽ ለመሸምደድ ስንት ሳምንት ይፈጅበታል። እሳቸው ግን ያቺን... ያቺን የጉርሻዋን ነገር ማንም ሳያስጠናቸው! ቦጋለ ራሱ አልጻፋትም እኮ...

«ሰው ደግሞ ይስቃል። ምን ያስቃል? ጨዋ ሰው ሲበላ አፉን ይሸፍን የለ? ነጠላዋንስ ልብ ብለሻታል? ጥለቷን? የእኛ ሰውዬ ነው እኮ ለፋሲካ የሠራላቸው፤ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ዓይኑን ተክሎባት! ያኔ ምንም አልሆነችም፣ ተመስገን ነው። ዛሬ ደግሞ ይኸው ከእኛው ጋረደቻቸው። ሌላ ሸማኔ ቢሠራት ሳስታ ታሳይ ነበር፤ የእኛ ሰው ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ነው።

«ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጡት ጓዶችማ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። አንደኛው "የኋላ ቀሩን ዘመን ሰው እንዲህ አድርጎ የተጫወተ አላየሁም" አሉ። የሚጫወቱ መሰላቸው... የዋህ ናቸው።

«የድሮ ሰው ግን አያሳዝንም? ሜዳ ላይ ሰብስበው ያስቀምጡትና፣ አንዱ አንዱን ካልጠቆመ ወደ ቤት የለም! እንኳን ዛሬ እንዲህ ያለ ስብሰባ ቀረ... ቀርቷል አይደል? ምነው ወደ በሩ ታያለሽ?»

ሊቀመንበሯ መስታወቱ ውስጥ ቀና አሉ። ካባው አንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰርኬ አየቻቸው፤ እንዳላየች ሆነች። አዲሳለም ሐሙስ ዕለት ከማዘጋጃ ቤት ስትመለስ የነገረቻትን ነገር እስካሁን ለነፍስ አልተነፈሰችም። ከሊቀመንበሯ ደጃፍ ተከልክላ የተመለሰችው ልጇ ታወሰቻትና ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«እኔ የምሰጋላቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዋህነታቸው። ያመኑትን አይጠረጥሩም። ሐሙስ ዕለት ልጃቸው "ስብሰባ አለብኝ" ሲላቸው ግራጫ ኮቱን በገዛ እጃቸው ተኩሰው አለበሱት አሉ። ወይ እናት! ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ለሚፈርም ሙሽራ እናቱ ኮት የተኮሰችለት ስንቱ ነው? ምስክር የቆሙት ሁሉ "አምሮበት ነበር" እያሉ ነው። የእኔም ልጅ ብትሆን አላፈረችበትም...

«በይ ሳጥኑን ዝጊው፣ ሳይመሽ እንሂድ። ዳኛችንን ግን ሳልመርቅ አልወጣም። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ወንበሩን ሰጥቷቸዋል፣ ጭብጨባውንም ሰጥቷቸዋል፤ የቀረቻቸውን አንዲት ነገር ደግሞ ለሰኔ ሚካኤል ይሙላላቸው። ማርያም ለአዲሳለሜ ትቅረባትና እሳቸውን አያት ታድርግልን! የልጅ ልጃቸው ቁመናው እሳቸውን ይምሰል፣ ድምፁም እሳቸውን ይምሰል። ዓይኑ ብቻ... ዓይኑ የእኛን ቁርጥ ይሁን። አሜን በይ እንጂ፣ ታየችዬ!»