ሽታ የሌለው ሶዳ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ድንገት ወረደብኝና ከአንድ የኬሚካል መደብር በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። የመደብሩ ባለቤት ሽማግሌ ነበሩ። ዕቃውን ሁሉ በማሽተት ስለሚለዩ የገበያው ሰዎች «አፍንጬ» ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም በስሙ ይኮሩበታል። «መምህር፣ በር ላይ ቆመው ምን ያረጥብዎታል? ይግቡ እንጂ» ብለው ወንበር ሰጡኝ።

ውስጥ የጠበቀኝ ግን ክርክር ነበር። ኬሚስትሪ ተምራ በቅርቡ አብራቸው መሥራት የጀመረችው የእህታቸው ልጅ ከጄሪካኖቹ መካከል ቆማ ትለምናቸዋለች።

«አጎቴ፣ አዲሱ ደንብ ሥራ ላይ ሊውል ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ስሙና የአደጋ ምልክቱ መለጠፍ አለበት። አሲዱና በረኪናውም ጎን ለጎን መቀመጥ የለባቸውም፤ ፈስሰው ቢገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።»

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሸብቻለሁ። ደግሞስ የራስ ቅል የተሳለበትን ዕቃ ማን ይገዛል? ደንበኛዬን በገዛ እጄ ላባርር ነው እንዴ?»

«ምልክቱ ለማስጠንቀቅ ነው እንጂ ለማባረር አይደለም። በር ላይ ‹ውሻ አለ› ተብሎ ቢጻፍ እንግዳ ይቀራል? አንኳኩቶ ይገባል እንጂ።»

ሽማግሌው ሣቁ። «ምላስሽስ በእናትሽ ወጥቷል። ለኔ ግን አፍንጫዬ ይበቃኛል።»

«አፍንጫዎ ለእርስዎ ነው፣ አጎቴ፤ ገዢው ይዞት አይሄድም» አለች ቀስ ብላ።

ልጅቷ እውነት እንዳላት አውቄያለሁ። የሽማግሌው ነገርም አልጠፋኝም፤ ዕድሜ ልክ የተካኑበትን ሙያ አንድ ቀን «አይበቃም» ሲሉት ማንንም ይመርረዋል። ስለዚህ እንግድነቴን አክብሬ ወንበሬን ወደ በሩ ሳብሁ።

በዚህ መካከል አንዲት ልብስ አጣቢ ገባች። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምነው፣ ምን አገኘሽ?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው።

«የባለፈው ሶዳ በረታብኝ፣ አባባ። እንደ ወትሮዬ በውሃ በጥብጬ እጄን ባገባው ቆዳዬ ተላጠ። ሳላበዛው አልቀረሁም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ዛሬ ለስለስ ያለውን ይስጡኝ።»

ልጅቷ ወደ ጥጉ ሄደች። ሁለት ጆንያዎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሁለቱም ምንም አልተጻፈባቸውም፣ በሁለቱም ውስጥ ያለው ነጭ ነው። አንዱ የልብስ ሶዳ ሲሆን፣ ሌላው የተደፈነ ቧንቧ የሚከፍተውና ሥጋ የሚበላው ኮስቲክ ሶዳ ነበር።

«ያን ዕለት ከየትኛው ሰጧት፣ አጎቴ?»

ሽማግሌው ተነሥተው መጡና ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «አያሽትቱት፤ ይጎዳዎታል። ሁለቱም ሽታ የላቸውም።»

ቀና ብለው በፋሻ የተጠቀለለውን እጅ አዩ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሩና፣ «እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የኔ ነው። ለካ የቧንቧውን ነው የሰጠሁሽ» አሉ። 

ልጅቷ ልትለጥፍ ካዘጋጀቻቸው ምልክቶች አንዱን አሳየቻት፤ ጠብ የሚል ፈሳሽ እጅን ሲበላ የተሳለበት ነው። ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን ግን አነበው ነበር» አለች።

ሽማግሌው ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። መደብሩን ዘግተው ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዷት። በማግሥቱም ሥራው ተጀመረ፤ አሲዱ ከበረኪናው ተለየ፣ ጆንያውና ጄሪካኑ ሁሉ ስምና ምልክት ወጣለት፣ ዕቃ ለሚያወርዱትና ለሚመዝኑት ሠራተኞች ጓንት ተገዛ፣ የዓይን መታጠቢያ ቧንቧ በር አጠገብ ተተከለ። ከአምራቾቹም የየዕቃው የጥንቃቄ መመሪያ ተጠይቆ መጣ፤ ከሚሸጠው ዕቃ ጋር አብሮ ለገዢው ይሰጣል።

ደንቡ ሲጸና በዚያ መንገድ ለመዘጋጀት የሚራወጠው ሌላው ነጋዴ ነበር። የሽማግሌው ሠራተኞች ግን ዘወትር ያስቸግራቸው የነበረው ሳል ቀነሰላቸው፤ የልብስ አጣቢዋም እጅ ድኖ ባልደረቦቿን ይዛ ትመጣ ጀመር። ደንብ ከመድረሱ በፊት የተዘጋጀ ሰው ከቅጣት መዳኑ ትንሹ ትርፍ ነው፤ ትልቁ፣ የሸጠው ዕቃ በማያየው ቤት ማንንም እንደማይጎዳ አውቆ መተኛቱ ነው።

አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ጎረቤታቸው ነጋዴ ያማርራል፤ «ይኼ ሥዕል ደንበኛ ያሸሻል» ይላል።

«የለም፣ ወንድሜ» አሉት ሽማግሌው፣ «ደንበኛ የሚሸሸው ሲቃጠል ነው። ተቃጥላም ያልሸሸችኝ አንዲት ሴት ናት፤ እርሷም የኔን ጥፋት በራሷ ላይ አድርጋው ነው።»